ድርቧ ድንኳን

ነርሷ ገና ከበሩ ስትገባ ድንኳን ሻጩ አፍጥጦ ያያት ጀመር። በሆዷ «ይሄ ሰውዬ ደህና አይደለም» አለች።

«ለተራራ ጉዞ ድንኳን ፈልጌ ነበር። በጀርባዬ የምሸከመው፣ ቀለል ያለ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለ... ለብዙ ሰው!»

ሻጩ ፈገግ አለ። «የብዙ ሰው ድንኳን ለብቻሽ አትችዪውም። ብቻሽን ነሽ አይደል?»

«ምን አገባህ?»

«እዚያ ላይ ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት በረዶ። ይቺን እንደ ላባ የቀለለችውን ነፋስ ይወስዳታል። ይቺኛዋ ትንሽ ብትከብድም ድርብ ናት፣ ዝናብ አታስገባም። መቼ ነው የምትወጪው? በየት በኩል?»

«ቅዳሜ፣ በሐይቁ በኩል» አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

ድርቧን ድንኳን ገዝታ ስትወጣ ዞር ብላ አየችው። አሁንም እያያት ነው! መልከ መልካም መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ባንዴ ጠቆረ። ነርሷ ሐይቁ ዳር ድንኳኗን ተክላ ከመግባቷ ዝናቡ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ በስፌቱ በኩል ጠብ... ጠብ... ይል ጀመር።

«አታስገባም ብሎኝ! አጭበርባሪ!»

ያኔ ከውጭ ኮቴ ሰማች።

«አትደንግጪ! እኔ ነኝ፣ ድንኳን ሻጩ!»

የድንኳኑን ዚፕ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። «ተከትለኸኝ ነው? ወዲያ ሂድ! እጮኻለሁ!»

«አልጠጋሽም። ድንኳንሽ ያፈሳል። ሌላ ደንበኛ የዚህችኑ ዓይነት ትናንት መለሰልኝ፤ ስፌቷ በደንብ አልታሸገም። ስልክሽ የለኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ውሸታም!»

«እሱ እንኳ ውሸት አይችልበትም» አለ የሴት ድምፅ። «እህቱ ነኝ። ‹ብቻዬን ብሄድ ትፈራለች› ብሎ በእረፍት ቀኔ ጎትቶ አመጣኝ። በናትሽ ክፈቺልን፣ በብርድ ማለቄ ነው!»

ነርሷ ዚፑን በጥቂቱ ከፈተች። እህትየው በሩ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ሻጩ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሶ፣ አዲስ ድንኳን ግን ውሃ እንዳይነካው በኮቱ ሸፍኖ አቅፏል።

«ሱቅ ውስጥ ታዲያ ለምን እንደዚያ አፈጠጥክብኝ?»

አንገቱን ደፋ። «ደስ ስላልሽኝ... ነዋ።»

እህትየው በሳቅ ፈነዳች። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዚፑን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«ግቡ። እህትህ ግን መሃል ትቀመጥ!»

ዝናቡ ሲያባራ እህትየው «እንጨት ልልቀም» ብላ ወጣች፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ ደረቅ እንጨት ይገኝ ይመስል! እስክትመለስ ሁለቱ አዲሱን ድንኳን አብረው ተከሉ። ጨዋታውም ከዚያ ጀመረ።

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። እሷ አሁንም ሰው ቶሎ አታምንም፤ ከሥራ ሲገባ «የት ቆየህ?» ትለዋለች። እሱም ጫማውን እያወለቀ፣ አንዲት ሳያስቀር ይነግራታል።