ሰም የተቀባችው በቅሎ

ቀራፂው ሐዲስ ቁስቋም በሚገኘው ወርክሾፑ ወለል ላይ ሞቶ በተገኘበት ጠዋት፣ የነሐስ በቅሎዋ ጠረጴዛው ላይ ቆማ ታበራ ነበር። አንድ ሰው በጥንቃቄ ሰም ቀብቶ፣ በለስላሳ ጨርቅ ወልውሏት ነበር።

ኢንስፔክተር ባንቺአየሁ መጀመሪያ ያየችው ግን ሬሳውንም በቅሎዋንም አይደለም። በሩ አጠገብ የቆመችውን ሴት ነው። የሟቹ ሚስት የትነበርሽ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ናት። ባሏን ወድቆ ያገኘችው እሷ ነበረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

ግቢው ውስጥ የሐዲስ እኅት ይመኙሽ ደረቷን ትደቃለች።

«አያችኋት?» ትላለች ለለቀስተኛው። «አንዲት ዘለላ እንባ! አንዲት እንኳ! ወንድሜን በልታ ነጠላዋን ታስተካክላለች! ነገ ከሬሳው ኋላ ከቆመች እኔ የእናቴ ልጅ አይደለሁም!»

የትነበርሽ ይህን ሁሉ ሰማች። ፊቷን አላዞረችም።

ሳጅን ማሩ ወደ ኢንስፔክተሯ ጠጋ አለ። «ነገሩ ሸጋ ሆኖ ተገጣጥሟል» አለ በለሆሳስ። «በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነው ያደረው። ቁልፍ ያላቸው ሟቹ፣ ሚስቱና ነሐስ አቅላጩ አንዱዓለም ናቸው። የሟቹ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። አንዱዓለም ደግሞ ጠዳ ከተማ ማደሩን ያሳደሩት ሰዎች መስክረዋል። እንግዲህ ማን ቀረ?»

«ጨርሰሃላ።»

«ዘመዶቹ ከቀብሩ በፊት ትያዝልን እያሉ ነው። ምነው፣ እንያዛትና ይረፉ!»

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ከሰዓት፣ ሆስፒታሉ ሬሳውን እንደለቀቀ።»

«ካሰርናት ባሏን ሳትቀብር ትቀራለች» አለች ባንቺአየሁ። «ያ ደግሞ ነገ ተሳስተናል ብለን የምንመልሰው ነገር አይደለም። እስከ ነገ ማንንም አልይዝም።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ቁስሉ ከሟቹ ማጅራት በላይ ነው፤ ጠባብና ጥልቅ፣ አውራ ጣት የሚያህል። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መዶሻዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። እንዲህ ያለ ቁስል የሚያወጣ አላገኘችም። ጠረጴዛው ስር አንድ ባልዲ አለ፤ በሳሙና ውሃው ላይ ብጫ የሰም እድፍ ሰፍፏል። ከጎኑ የሰም ቆርቆሮ፣ ብሩሽና በእጅ የሚያዝ የጋዝ እሳት ተቀምጠዋል።

ሐዲስ የራሱ ልማድ ነበረው። ክረምቱ ሲወጣ የሸጣቸውን ሥራዎች ከየገዢዎቹ ቤት ይሰበስባል፤ ከመቆሚያ ድንጋያቸው ነቅሎ የቆየውን ሰም በሳሙና ያጥባል፤ ከዚያ አዲስ ይቀባቸዋል። ነሐስ እንዲህ ካልተያዘ እርጥበት ይበላዋል።

አንዱዓለም ከጠዳ የተመለሰው ለቅሶው ከደመቀ በኋላ ነበር። የኮሶዬ ልጅ ነው፤ ሐዲስ ዘንድ ሲቀጠር ጢም አልነበረውም፣ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። ከሁሉም በላይ የሚያለቅሰው እሱ ነው።

«አያ ሐዲስ አባቴ ነበር! ምነው እኔን በወሰደኝ!»

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» አለችው ባንቺአየሁ።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ። ቁርጥራጭ ነሐስ ላመጣ ወደ ጠዳ ስወጣ በቅሎዋን ሰም ቀብቶ ጨርሷል፤ በጨርቅ ይወለውላታል። ‹እንዳትቆይ› አለኝ። በቃ፣ ያቺ ናት የመጨረሻ ቃሉ።»

«ሰሙን ቀብቶ ጨርሶ ነበር?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔ የማላውቀው ነገር ስለሆነ ነው የምጠይቅህ። ሰም ለመቀባት እሳቱ ምን ያደርጋል?»

አንዱዓለም እንባውን በክንዱ ጠረገ። ድምፁ ወዲያው ጸና። «ቀዝቃዛ ነሐስ ሰም አይቀበልም። መጀመሪያ በእሳት ሞቅ ሞቅ ይደረጋል። ያን ጊዜ ሰሙ ቀልጦ በየስርጉዱ ይገባል። ሳያሞቁ መቀባት ፊት ሳይታጠቡ ቅባት እንደ መለቅለቅ ነው።» እጁ ሳያስበው በአየር ላይ እሳቱን ያዞር ነበር።

በቅሎዋ የሐጂ ዐብዱልከሪም ናት። ባንቺአየሁ አዲስ ዓለም ሰፈር ሱቃቸው ድረስ ሄደች። ጨርቆቹ በተደረደሩበት መደርደሪያ መካከል ባዶ ቦታ አለ።

«እዚያ ነበር የምትቆመው» አሉ ሐጂ። «እናቴ ዙሌይካ ‹እኔ እያለሁ ምስል ቤት አይገባም› ብለው አባረሯት፤ ሱቅ አስጠጋኋት። አያቴ በበቅሎ እየነገደ ነው እኛን ለዚህ ያበቃ። እሱን ማየት ባልችል በቅሎውን ልይ ብዬ ነበር።»

«ከሐዲስ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር ይባላል።»

«ወላሂ እውነት ነው። ለወንድሜም አንድ ሥራልኝ ስለው ‹ሐጂ፣ ፎርማውን ፊትዎ ሰብሬው የለም እንዴ?› አለኝ። ሰብሮታል፤ ነሐሱ የፈሰሰበት ሸክላ ዱቄት ሲሆን ቆሜ አይቻለሁ። ከአንድ በላይ አያወጣም፣ ገዢ ፊት ይሰብራል። እኔ ተናደድኩ።» ወደ ባዶው ቦታ ዞሩ። «ተኳርፈን ሞተ፣ ልጄ።»

«ዓምና ለሰሙ የወሰዳት ማን ነው?»

«ዓምና ሐዲስ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ አንዱዓለም ወሰዳት። አቆያት እንጂ አምራ ተመለሰች።»

ፒያሳ አካባቢ የሐዲስንና የሌሎችን የጥበብ ሥራ የሚነግደው ዳኛው እንደ ሐጂ አላወራም። ወንበር አቀረበ፣ ማኪያቶ አዘዘ፣ ስለ አየሩ ተናገረ።

«ትናንት ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ ጩኸት ነበር» አለች ባንቺአየሁ። «ጎረቤት የሰማው የወንድ ድምፅ ነው።»

«ወንድ ብዙ ነው፣ እኅቴ።»

«አንተ ግን የምታውቀውን ጩኸት ከመንገር ማኪያቶ ማዘዝ መረጥክ።»

ዳኛው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «እሺ፣ እኔ ነኝ። ዓምና ልክ ያችን የመሰለች በቅሎ ገዝቼ አዲስ አበባ ላለ ሰብሳቢ ሸጬ ነበር። ሐጂ የራሳቸውን በምስጢር ሸጡ መስሎኝ ነበር። ትናንት በዚያ ሳልፍ የሐጂ በቅሎ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች! ‹አንድ ብቻ ነው የማወጣ እያልክ ሰው ታታልላለህ!› ብዬ ጮህኩበት።»

«ምን መለሰ?»

«ምንም። ፊቱ አመድ መሰለ። በቅሎዋን አንስቶ ከሥር ከሥሯ ማየት ጀመረ፤ ትቼው ወጣሁ።»

«ማን ነው የሸጠልህ?»

«እሱን አትጠይቂኝ። የሻጭ ስም ካወጣሁ ከነገ ጀምሮ ማን ዕቃ ያመጣልኛል?»

ባንቺአየሁ ማኪያቶውን ሳትነካው ተነሣች።

የትነበርሽን ያገኘቻት ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ነው። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ይመኙሽ ዘንድ ሄዷል።

«አላለቀሰችም ይሉዎታል» አለች ባንቺአየሁ።

«ያልሆነ ነገር አላሉም።» የትነበርሽ የነጠላዋን ጥለት አስተካከለች። «ሲያዩኝ አይመጣልኝም። ሳያዩኝም ገና ነው።»

«ትናንት አነጋግሮዎት ነበር?»

«ምሳ ሰዓት ደውሎ ‹በቅሎዋ አነሰች› አለኝ። ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል፤ ‹ማታ ትነግረኛለህ› ብዬ ዘጋሁት። ማታ አልመጣም። ሥራ ሲይዝ እዚያው ስለሚያድር አልፈለግሁትም።» ጥለቱን ለቀቀችው። «ማታ ትነግረኛለህ አልኩት።»

«የነሐስ በቅሎ እንዴት ታንሳለች?» አለች ባንቺአየሁ።

መምህርቷ ቀና አለች። «ከነሐሱ ከራሱ ላይ ፎርማ ተወስዶ ሌላ ነሐስ ቢፈስበት፣ አዲሱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። በዓይን አይለይም።»

«በምን ይለያል ታዲያ?»

«ዋናው ይገጥምበት በነበረው ነገር።» የትነበርሽ ይህን ብላ ራሷም ደነገጠች።

ባንቺአየሁ ማሩን አስከትላ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰች። በቅሎዋን ከመቆሚያ ድንጋይዋ ነቀሉ። ድንጋዩ ላይ ከእግሮቿ ስር የወጡት ችንካሮች የሚገቡባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ። አንዳቸውም ክብ አይደሉም። የውጭ ጎናቸው በቆየ ሰም ጠቁሯል፤ የውስጥ ጎናቸው በስስ መሮ ተፍቆ ነጥቷል። አራቱም ወደ መሐል ተስበዋል።

«እግሮቿ ተሰብስበዋል» አለ ማሩ።

«አሁን ሙቅ ውሃና ጥጥ አምጣ።»

የበቅሎዋ ጆሮዎች ወደ ኋላ የተቀሰሩ ናቸው፤ ሾጣጣና ወፍራም። ባንቺአየሁ የግራውን በሙቅ ጥጥ ያዘችው። ሰሙ ለስልሶ ለቀቀ። ጆሮው ከጋማው በሚገናኝበት ስርጉድ፣ ከነሐሱ ጋር የተጣበቀ ቡናማ ቅርፊት ታየ።

ማሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ምነው፣ ይህ ደም አይደለም?»

«ወደ ላቦራቶሪ ላከው» አለች።

በማግስቱ፣ ሬሳው ከመምጣቱ በፊት፣ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐጂ ዐብዱልከሪም አንድ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ዳኛው ግድግዳ ተደገፈ። አንዱዓለም አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ይመኙሽ ጥቁር ለብሳ መሐል ገባች።

«እሷ ካለችበት አልቀመጥም።»

«ይቁሙ እንግዲህ፣ እትዬ» አለች ባንቺአየሁ። የትነበርሽ ከበሩ ሥር አልተነቃነቀችም።

ኢንስፔክተሯ እጇን በቅሎዋ ጀርባ ላይ አሳረፈች። «ይህች የሐጂ በቅሎ አይደለችም።»

ሐጂ ብድግ አሉ። «ምን?»

«ቅጂ ናት፤ ዋናዋ ዳኛው አዲስ አበባ የሸጣት ናት። ፎርማው ፊትዎ ስለ ተሰበረ ቅጂ ማውጣት የሚቻለው ከነሐሷ ላይ ብቻ ነው። ቅጂው ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ችንካሮቹ ከቀድሞ ቀዳዳዎቻቸው ጋር አልገጥም አሉ። ሥራው ያልገባው ሰው ቢሆን በማጣበቂያ ለጥፎ በሰጠዎት ነበር። ይህ ሰው ግን የተወላገደ ሥራ ከእጁ እንዲወጣ አልፈለገም፤ ቀዳዳዎቹን ወደ ውስጥ ፍቆ አስተካክሎ ገጠማት። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ዳኛው እዚህ መጥቶ ሲጮህ፣ ሐዲስ በቅሎዋን ከድንጋይዋ ነቅሎ አየ። ቀዳዳዎቹን የበሳቸው እሱ ነው፤ ለውጡን ወዲያው አወቀ። ለሚስቱም ደውሎ አነሰች አላት።»

«ለሷ ነው የነገራት?» አለች ይመኙሽ።

«ሐዲስ የጀመረውን እጥበት አላቋረጠም፤ የቆየውን ሰም በሳሙና አስለቀቀ። ከዚያ ባለሥራውን ጠየቀው። ምን እንዳለው አላውቅም። ለሐጂ ልነግራቸው ነው ያለው ይመስለኛል። ጀርባውን ሲያዞር በገዛ በቅሎው ተመታ። ቁስሉና ይህ ጆሮ አንድ ልክ ናቸው፤ ከጆሮው ስር የተገኘውም የሰው ደም መሆኑን ላቦራቶሪው አረጋግጧል።»

ዳኛው ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ገዳዩ ደሙን አየ። እኔ ብሆን በውሃ አጥበው ነበር። ሐጂም፣ ዳኛውም፣ መምህርቷም እንደዚያው። ነሐስ የለመደ እጅ ግን ሌላ ሥራ ነው የሚያውቀው። በጨርቅ ጠረጋት፤ ሰም ሊቀባት ነውና እሳት ለኮሰ፤ አሞቃት። እሳቱ በስርጉዱ የቀረውን ደም ከነሐሱ ጋር አደረቀው። በላዩ ሰም ቀባ፣ ወለወለ፣ ድንጋይዋ ላይ መልሶ ገጠማት፣ ቆለፈ፣ ወደ ጠዳ ሄደ። ሐኪሙ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ይሙት ማታ መለየት አልቻለም፤ ጠዳ ማደር ለማታው ብቻ ነው የሚመሰክረው።»

ሁሉም ወደ አንዱዓለም ዞሩ።

«ሐሰት ነው!» አለ። «እሳት መለኮስ እሷም ታውቃለች! ባሏ ሲሠራ ስንት ዓመት አይታለች!»

«ታውቅ ይሆናል» አለች ባንቺአየሁ። «ግን አንተ ስትሄድ ሐዲስ ሰሙን ቀብቶ ጨርሶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ ብለሃል። ደሙ ያለው ከሰሙ ሥር ነው፤ ከደሙ ሥር ደግሞ ባዶ ነሐስ ነው። ሐዲስ አንድ ጊዜም አልቀባትም። በቅሎዋ ሰም የለበሰችው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። አንተ በቅሎዋ ስትወለወል አየሁ ካልክ፣ የወለወላት ማን ነው?»

አንዱዓለም ከበቅሎዋ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ዳኛው፣» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «አሁንስ የሻጭህን ስም ትጠብቃለህ?»

ዳኛው ወለሉን አየ። «እሱ ነው። ሐጂ ላኩኝ አለኝ። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ማንም አልለየውም!» አለ አንዱዓለም ድንገት። እንባው ደርቆ ነበር። «ዓመት ሙሉ ሐጂ ሱቅ ውስጥ የቆመችው የእኔ ናት! ስንቱ መጥቶ ‹የሐዲስ እጅ› ብሎ ተደነቀ! አሳየሁት፤ ‹ሥራህና ሥራዬ አንድ ሆነ› አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ። ‹ሌባ› አለኝ። ዕድሜዬን እሳት ስሞቅለት ኖሬ፣ ሌባ አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ!»

ማሩ ክንዱን ያዘው። ሲወጡ ሐጂ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር።

ሬሳው ከሰዓት በኋላ መጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ወደ መቃብሩ ጉዞ ሲጀመር ዘመድ ከሣጥኑ ኋላ ተሰለፈ። ሐጂ ዐብዱልከሪም ከአዲስ ዓለም ጎረቤቶቻቸው ጋር በመንገዱ ዳር ቆሙ። የትነበርሽ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ነበረች።

ይመኙሽ ዞር ብላ ፈለገቻት። ሰዉን በክርኗ እየከፈለች ሄዳ እጇን ያዘችና ሳትናገር ወደ ፊት፣ ከሣጥኑ ጀርባ አመጣቻት። ልትናገር ፊቷን አዞረችላት፤ ይቅርታ ለማለት ይሁን ሌላ ለማለት አልታወቀም።

የትነበርሽ ቀድማት ተናገረች።

«እኔ አልሆነልኝም፣ ይመኙሽ። አንቺ አልቅሺልኝ።»

ይመኙሽ እጇን ሳትለቅ ጮኸች። በዚያ ቀን ቁስቋም የሰማው ለቅሶ የሁለት ሴት ነበር፤ የወጣው ግን ካንዲት ጉሮሮ ነው።