ያልተቀደዱት ሳጥኖች

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጅቱ የቀዝቃዛውን ክፍል መወርወሪያ ስታነሣ፣ አባቷ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ክፍሉ የመዝገብ ጠባቂዎች ማኅበር ንብረት ነው። በአካባቢው ያሉት ሰባት መዝገብ ቤቶች ብል የገባባቸውን ወረቀቶች በፕላስቲክ ጠቅልለው ወደዚያ ያመጣሉ። ሳጥኖቹ ሁለት ሳምንት በረዶ ውስጥ ይቆያሉ፤ ብሉ ይሞታል፤ ወረቀቱ ይድናል። በሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው ልጅቱ ናት። ሟቹ አባቷ የማኅበሩ ወረቀት ጠጋኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ሙጫ ይለዋል። ጉልበቱን አቅፎ፣ የሙጫ ብሩሹ ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። ዙሪያውን አርባ ሳጥን ሙሉ ወረቀት ነበር። ገላውን ሊያለብስበት ይችል ነበር። አንዱንም አልቀደደም።

መርማሪዋ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ለጠቅላላ ጉባኤ የመጡ አባላት ተጠጋግተው ቆመው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ አልነበረም። እሷ አጭር ሴት ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት የገባችበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው ወንበር ነው። ልጅቱን የጥገናው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት።

«መቼ ነው በሩን የዘጋሽው?»

«ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ውስጡን አይተሻል?»

«ሁልጊዜ ሰው አለ ወይ ብዬ እጣራለሁ። ዓርብ ግን መጣራቴን አላስታውስም። ታክሲ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ ነበር።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ሳይመጣ ሲቀር አላሳሰበሽም?»

«የጉባኤውን ሪፖርት እስክጨርስ እዚሁ ነኝ ብሎኝ ነበር። ሥራ ላይ ሲሆን ስልክ አያነሣም።»

«ከውስጥ የሚከፈትበት ነገር የለም?»

«እጀታው ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ሰው ሳይቆም ማንም አይገባም። ደንቡን ያወጣው አባባ ራሱ ነው።» ልጅቱ ቀና አለች። «ብታሰርም ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ልጄ ዘጋችብኝ እያለ ነው የሞተው?»

መርማሪዋ ልጅቱን አስከትላ ከቀዝቃዛው ክፍል በር ጎን ወደተሰቀለው የቅዝቃዜ መለኪያ ሄደች። መለኪያው ላይ ክብ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ በሳምንት አንዴ ይዞራል፤ ቀጭን ብዕር ሙቀቱን ይስልበታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር መስመሩ ዘለል ይላል።

«ይኼን ዛሬ ቀይረሽዋል?»

«ሰኞ ሰኞ እኔ ነኝ የምቀይረው። ዛሬ ግን በሩን ከፈትኩና ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ እጄ ምንም አልነካም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያም ያለቁት ክብ ወረቀቶች የት እንደሚቀመጡ ጠየቀችና ለብቻዋ መደርደሪያዎቹ መካከል ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትመለስ የሟቹ ጠረጴዛ ላይ ለጥገና ተከፍቶ የቀረውን የፍርድ ቤት መዝገብ ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። ቅጠሎቹ ቢጫ ናቸው። ከስፌቱ አጠገብ ግን በምላጭ የተቆረጡ ስምንት ጠርዞች አሉ፤ ቁርጣቸው ገና ነጭ ነው።

ቀጥሎ የማኅበሩን ጸሐፊ አስጠራች። ሴትየዋ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ኃላፊ ናት፤ እትዬ ካርድ ይሏታል።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«ተረኛ! መቶ ሰው ካርዴን፣ ካርዴን እያለ ሲጮህብኝ ነው የዋልኩት። ምስክር ከፈለግሽ ስድቡን አንድ በአንድ ልቁጠርልሽ።» ሳቅ ልትል ሞክራ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እህቴ፣ እኔ ፈርቻለሁ። የዚህ ቤት ቁልፍ ያለን ከሟቹ ሌላ ሦስታችን ብቻ ነን። እኔ፣ ልጅቱና ሊቀመንበሩ።»

«ሟቹ ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?»

«ዓርብ ምሳ አልወርድልህ አለው። ምነው ስለው፣ አንድ ሰው ጥፋቱን ጉባኤው ፊት ራሱ እንዲናገር እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ አለኝ። ማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካርድ ላይ አዲስ ወረቀት ሲመጣ የት ታደርጊዋለሽ?»

«ከላይ ነዋ! ሐኪሙ የሚፈልገው የዛሬውን ነው።»

ሊቀመንበሩ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ረጅም፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ልጅቱን አታስጨንቋት። ስህተት ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። ሠላሳ ዓመት አብሬው የሠራሁት ሰው ነው።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ፣ ብቻዬን።»

«መለኪያው ላይ ያለው ወረቀት አዲስ ነው ልበል?»

«ሰኞ አይደል? ልጅቱ ጠዋት ቀይራዋለች።»

«እናንተ ጋ መዝገብ ላይ አዲስ ወረቀት የት ነው የሚታከለው?»

ግራ ገባው። «ከኋላ። ክስ የሚነበበው ከመጀመሪያው ነው።»

እኩለ ቀን ላይ መርማሪዋ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሦስቱን ቁልፍ ያዦች ፊት ለፊቷ አስቀመጠች። አባላቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ በር ላይ ፖሊስ መቆሙን ሲያዩ ሹክሹክታው ቀጥ አለ።

«መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሟቹ ነው» አለች። «በር ላይ ሰው ሳይቆም ማንም አይገባም የሚለውን ደንብ ያወጣ ሰው ብቻውን አይገባም። ስለዚህ በሩ ላይ የሚያምነው ሰው ቆሞ ነበር። መቼ? እሱን የሚያውቀው መለኪያው ነው። ግን ወረቀቱ ተቀይሯል።»

«ዛሬ ጠዋት ነዋ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዛሬ ጠዋት ቢሆን መስመሩ ጥፍር አያክልም ነበር። ይኼኛው የሁለት ቀን መንገድ ሄዷል። የተቀየረው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «ዓርብ በስህተት ዘግተሽበት ቢሆን ከዚያ ወዲያ በሩ አይከፈትም፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ታዲያ ማን ምን ብሎ ወረቀቱን ይሰውራል? የሰወረው ሰው ሌላ ዝላይ እንዳለበት ያውቃል።»

እትዬ ካርድ አፏን በእጇ ያዘች። «ቀዶ ጥሎት ይሆናላ!»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አሰብኩ። ከዚያ ሟቹ ትዝ አለኝ። ብርድ እየገደለው አርባ ሳጥን ወረቀት አጠገቡ ነበር፤ አልነካውም። የእናንተ ሰው ወረቀት መቅደድ አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱ አለ ማለት ነው፤ ካለ ደግሞ መዝገብ ጠባቂ የሚያስቀምጠው ቦታው ላይ ነው።»

ከቦርሳዋ ክቡን ወረቀት አወጣች።

«ካለቁት ክብ ወረቀቶች ጋር ሳጥናቸው ውስጥ አገኘሁት። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝላይ አለ፤ ልጅቱ ናት። ቅዳሜ አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ሌላ ዝላይ አለ። ከዚያ ትንሽ ሄዶ መስመሩ ያልቃል፤ ወረቀቱ ተነሥቷላ። ሟቹ ዓርብ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ የከፈተው ሰው ጮሆ ሰው ይጠራ ነበር እንጂ ወረቀት አይሸሽግም። ልጅቱ አዲሱን ወረቀት ከሳጥኑ ፊት ነው የምትጨምረው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የተደረደረው። እትዬም ከላይ፣ ከፊት ነው የለመደችው፤ ቅዳሜም ተረኛ መሆኗን ሆስፒታሉ አረጋግጦልኛል። ይኼኛው ወረቀት ግን ከሁሉም ኋላ ነው የተቀመጠው። ፍርድ ቤት እንደሚታከለው።»

የሁሉም ዓይን ሊቀመንበሩ ላይ አረፈ። የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

«ልቀደው ነበር» አለ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

«የተቆረጡት ስምንት ቅጠሎችስ?»

«እነሱም አሉ። ቢሮዬ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልለው። የመሬት ፍርድ ነው። ያስቆረጠኝ ሰው ልጆቼን በየስማቸው ጠራልኝ፤ የሚማሩበትን ክፍል ሳይቀር ያውቃል። ቁረጥ አለኝ፣ ቆረጥኩ። ጋሼ ሙጫ ጠርዙን ሲያይ ገባው። ቅዳሜ መጥቼ ለመንኩት። ሰኞ ትናገራለህ ወይም እናገራለሁ አለኝ። ከዚያ የፍርድ ቤቱን ሳጥን እስኪ እይልኝ፣ እኔ በሩን እይዛለሁ አልኩት። ምንም ሳይጠረጥር ገባ።»

እትዬ ካርድ መቀመጫዋን ከእሱ አራቀች።

ልጅቱ ተነሣች። ፖሊሱ ሊይዛት ሲል መርማሪዋ በእጇ ምልክት ከለከለችው። ልጅቱ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመች።

«በሩን ሲዘጉት አየዎት?»

«አየኝ።»

«ጮኸ?»

ሊቀመንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጋሼ፣ ጮኸ ወይ?»

«አንኳኳ። ከዚያ ጠራ።»

«ማንን ነው የጠራው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «እኔን። በስሜ ነው የጠራኝ። ደጋግሞ።»

ልጅቱ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም ነበር።

«ያውቅ ነበራ» አለች። «እኔ እንዳልዘጋሁበት ያውቅ ነበር።»

መርማሪዋ የራሷን ወንበር ገፋችላት፤ ልጅቱም ተቀምጣ ለአባቷ አለቀሰች።