የእሳት አምጪው ካርድ

መምህር ሙሉቀን እሑድ ጠዋት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ በተከራያት የሲሚንቶ ክፍል፣ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ራስጌው አጠገብ የከሰል ማንደጃ ነበር። ብርድ ልብሱ ከእግሩ ሥር ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል።

ሰዉ ሲያለቅስ ኢንስፔክተር ማሩ ዕቃ ያያል፤ ለዚህም የሚወደው ጥቂት ነው። ማንደጃውን በስንጥር ነካ አደረገው። ፍሙ በአመድ ተዳፍኗል። ቀጥሎ ትራሱን ገለጠና ያገኘውን ካርድ ኪሱ ከተተ።

ሙሉቀን የታሪክ መምህር ነበር። ከግሪክ ተረት እየቀዳ ለሦስት ጓደኞቹ ጨዋታ ፈጥሮላቸዋል፤ እያንዳንዱ በካርድ የተጻፈ ገጸ ባሕርይ መርጦ፣ ዕጣ እየጣለ ይጫወታል። ቅዳሜም እስከ አመሻሽ ተጫውተዋል። አሁን ጎረቤቱ ግማሹ «የጣዖት ጨዋታ ቀሰፈው» ይላል፤ ግማሹ ከተጫዋቾቹ አንዷ የሆነችውንና ከሰሉን ያቀጣጠለችውን ነርሷን ልደትን በክፉ ዓይን ያያል።

«ማንደጃውን በረንዳ ላይ አውጥቼው ነው የሄድኩ፤ እምልልዎታለሁ!» አለች ልደት።

«ማን አየሽ?»

«ማንም። እናቱ ከስማዳ እየመጡ ነው። እሳቸውም እኔ ገደልኩት ብለው ካመኑ፣ እዚህ ከተማ በምን ዓይኔ እኖራለሁ?»

ማሩ ወደ ውጭ ወጣ። በረንዳው ጥግ ክብ የአመድ ምልክት አየና ሌላውን ተጫዋች፣ የሒሳብ መምህሩን በላይነህን ጠራ።

«እኔ ከልደት ቀድሜ ወጣሁ» አለ በላይነህ። «ከእኔ በፊት የወጣው እሱባለው ግን ተቆጥቶ ነበር። ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነው ገጸ ባሕርዩ በጨዋታው ሞተበትና "ሆን ብለህ ነው" ብሎት ሄደ።»

«የሞተበት ሰው ምን ይሆናል?»

«አዲስ ካርድ ይሰጠዋል። ላልሞተበት ግን አይቀየርም። ሙሉቀን በሕጉ ቀልድ አያውቅም።»

የወረዳው ጸሐፊ እሱባለው ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «ቀጥታ ቤቴ ገባሁ። እንደተኳረፍን ሞተብኝ» አለ።

«የት ነው የተማርከው?»

«መጀመሪያ እዚሁ አቅራቢያ ቤተ ልሔም ደብር፣ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ድጓ ጀምሬ ነው ወደ አስኳላ የዞርኩት።»

«የተማሪ ጎጆው መቼም ይበርዳል።»

«እሳት እናዳፍን ነበር» አለና ድንገት ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ሙሉቀንን የገደለው ከሰሉ መሆኑን አረጋገጠ። እናቱ ወይዘሮ ፋንታዬም ደረሱ። ማሩ ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበ።

«እናታችን፣ ልጅዎን በክፋት የገደለው የለም» ሲል ጀመረ። «ልደት ማንደጃውን አውጥታለች፤ በረንዳው ላይ ምልክቱ አለ። ሌላ ሰው ነው መልሶ ያስገባው። ሙሉቀን ራሱ እንዳንል፣ የተኛ ሰው የገዛ እግሩን ከሥር እንደዚያ አጥብቆ መጠቅለል አይችልም። ትራሱ ሥር ደግሞ ይህ ነበር።» ካርዱን አወጣ። «የሙሉቀን ጽሕፈት ነው፤ ቀኑ የቅዳሜ። "እሳት አምጪ፦ ከአማልክት ሰርቆ ለበረደው ሰው የሚያደርስ" ይላል። አዲስ ካርድ የሚያገኘው ገጸ ባሕርዩ የሞተበት ብቻ ነው። ቅዳሜ የሞተበት አንድ ሰው ነው። እሳት ማዳፈንንም ለምዶት ያደገ እሱ ነው።»

እሱባለው ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«ማታ ልታረቀው ተመለስኩ። ታረቅን። ካርዱን ጽፎልኝ "በል እንግዲህ እሳት አምጣ" ብሎ ሳቀ፤ ለሚቀጥለው ጨዋታም ትራሱ ሥር አኖረው። ጉንፋን ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። በረንዳው ላይ ፍም ስላገኘሁ አስገብቼ አዳፈንኩለት። ጭስ አልነበረውም! ቤተ ልሔም ሰባት ዓመት እንዲሁ ስናድር ማንም አልሞተም።»

«ጎጆው በሣር ክዳኑ ይተነፍሳል» አለ ማሩ ቀስ ብሎ። «ይህ ክፍል ግን ሲሚንቶና ኮርኒስ ነው። ጭስ ባይኖርም መርዙ መውጫ የለውም። ልደትን ሲያሟት ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ።»

ወይዘሮ ፋንታዬ መጀመሪያ ልደትን እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ከዚያ ወደ እሱባለው ዞሩ።

«እግሩን የጠቀለልክለት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ልጅ ሳለ እንደዚያ ካላደረግሁለት አይተኛም ነበር» አሉ።

ማሩ እሱባለውን ቃሉን እንዲሰጥ ሊወስደው አስነሣው። በሩ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ፋንታዬ አስቆሟቸው። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው በእሱባለው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉለት። ፊቱን ግን ማየት አልቻሉም።

«ውጭ ይበርዳል» አሉ።