አራት እርምጃ ጥድ

ቀኛዝማች ሙላት፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ሃያ ዓመት በተንከባከቡት የፈረንጅ ጥድ አጥር ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። መቀስ በእጃቸው፣ መሰላል በጎናቸው። ወድቀው ነው እንዳይባል ማጅራታቸው በድንጋይ ተፈርክሷል። መርማሪው መቶ አለቃ ቢያዝን ሲደርስ ጎረቤት አትክልተኛውን አድማሴን የፊጥኝ አስሮ ጠበቀው። ነፍስ ያጠፋ ገመድ እንደሚጠብቀው አድማሴም ያውቃል።

«ትላንት በጥፊ መቱኝ እንጂ እኔስ አልነካኋቸውም፣ ጌታዬ!»

«ለምን መቱህ?»

«ወደ ምንጩ በሚወርደው መንገድ ላይ የጥድ ችግኝ ትከል አሉኝ። ‹የአቶ ካሴ ከብቶች በየት ወርደው ይጠጣሉ?› ብዬ አፌን ከፈትኩ።»

ካሴ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ቆሟል።

«ጋሼን የበላቸው ይኸው ነው! ጥዱን ሲከረክሙ ከኋላ መታቸው።»

«አይተዋል?»

«መቀሱ በእጃቸው አይደል? ለዚህስ ዓይን ይበቃል።»

«ለአንዳንዱ አይበቃም» አለ ቢያዝን።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ይታይሽ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ከቀኛዝማችና ከአድማሴ በቀር መቀሱን የሚነካ አልነበረም» አሉ። ይህም አድማሴን ለገመዱ አንድ ክንድ አቀረበው።

ቢያዝን ተንበርክኮ የሟቹን መዳፍ ገለጠ። የመቀሱን እጀታ ሲነካ ጣቱ ተጣበቀ። ከዚያ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረው፤ ሲመለስ ሁሉንም ጥዱ ሥር ሰበሰባቸው።

«ጥድ ሲቆረጥ ሙጫው እጅ ይይዛል። እጀታው ሙጫ በሙጫ ነው፤ የቀኛዝማች መዳፍ ግን እጀታው ካረፈበት በቀር ንጹሕ። ከሞቱ በኋላ ሌላ ሰው ከርክሞ መቀሱን አስጨብጧቸዋል።»

«ሌላው ሰው ይኸው ታስሯል!» አለ ካሴ። «እጁን ታጥቦ ነው።»

«መታጠብስ ይችላል። አድማሴ፣ ሙጫ በምን ትለቃለህ?»

«በኑግ ዘይት። ውሃማ ይብስ ያጣብቀዋል።»

«ይህ አጥር ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለው ለምንድን ነው?»

«ታችኛው ቅጠል ፀሐይ ካጣ ይደርቃላ!»

«ይህ አራት እርምጃ ያህል ጥድ ግን ከላይ ሰፍቶ ከታች እስከ ግንዱ ተግጧል። ቀኛዝማች ከረከሙ ለማሰኘት የፈለገው አድማሴ ቢሆን አሳምሮ ይቆርጠው ነበር። ይህን የሠራው ጥድ ከርክሞ የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ካሴ ዞረ። «ከመጣሁ ጀምሮ እጅዎን ከጋቢ አላወጡም። ያውጡት።»

ካሴ አልተንቀሳቀሰም። ቢያዝን ጋቢውን ገፈፈው። መዳፎቹ በሙጫና በአመድ ጠቁረው፣ ከመታሸት ብዛት ቆዳቸው ተልጧል።

«የአባቴ ምንጭ ናት!» ጮኸ ካሴ። «በችግኝ ዘግቶ ከብቶቼን በጥም ሊፈጅ! ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹ጥዱ ሲያድግ ትለምደዋለህ› ብሎ ሳቀ።»

ገመዱ ከአድማሴ ክንድ ተፈትቶ ካሴን አሰረ።

ወይዘሮ ይታይሽ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ተሳሳትኩ፣ አድማሴ። ነገ ና፤ ጥዱን ታስተካክልልኛለህ» አሉ።

አድማሴ የደነዘዘ ክንዱን እያሸ ወደ በሩ አመራ።

«ነገን ይተዉት፣ እሜቴ። እቤቴ እንደ ሞትኩ ቆጥረው እያለቀሱ ነው። መትረፌን ልንገራቸው።»