የፎስዋ ባዶ ባልዲ

«ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ሌባ ገና አልተወለደም» አለች ፎስዋ፣ ባዶውን ባልዲ ለእናቷ ገልብጣ እያሳየች።

እናቷ ለገበያ ከምታፈላው ጥቁር ሳሙና ድስት ቀና ሳትል «ማነው ታዲያ ሌባው?» አለቻት።

በግቢው ልማድ፣ ሳሙናው ሲቆረጥ ባልዲው ውስጥ የሚረግፈው ቁርጥራጭ የቤቱ ትንሽ ልጅ ድርሻ ነው። ፎስዋ እየጠቀለለች ለክፍሏ ልጆች ትወስድላቸው ነበር። በዚህ የተነሳ በኩማሲ ከተማ እንደ እሷ የሚወደድ ተማሪ የለም፤ እሷ እንደምትለው። ሰሞኑን ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባልዲው ተልሶ የተጠረገ ይመስላል።

ይሄ ሁሉ የሆነው ደግሞ ሳሙናው በቅጠል መጠቅለል ከጀመረ ወዲህ ነው። ሐሳቡ የፎስዋ ነበር። ሳሙናው ይሸጥበት የነበረው የፕላስቲክ ሳጥን በክረምቱ ተጥሎ ቦዩን ደፍኖ ጎርፉ ምድጃው ድረስ ሲገባ፣ «ኬንኬ ሻጮቹ የበቆሎ ሊጣቸውን በደረቅ የሙዝ ቅጠል አይደል የሚጠቀልሉት? እኛስ ምን አነሰን?» አለች። ገበያተኛው ወደደው። ፎስዋም ለሰማውም ላልሰማውም አወራች።

«ዱፊ ናት» አለች አሁን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዱፊ ሳሙናውን የምትሠራው ወጣት ሠራተኛ ናት። «ቋጠሮዋን አላየሽም? ጠዋት ከሳሙናው አመድ ሌላ ምንም ሳትይዝ ትመጣለች፤ ማታ ቋጠሮዋ እንደ እርጉዝ ሆድ ይነፋል።»

እናቷ ማማሰያዋን አቆመች። «ካገኘሽባት ዛሬውኑ ትሰናበታለች። ካላገኘሽባትስ?»

«አገኝባታለሁ።»

ሲመሻሽ ፎስዋ የግቢው በር ላይ ቆመች። ዱፊ ቋጠሮዋን በብብቷ ይዛ ብቅ አለች።

«እህት ዱፊ፣ ቋጠሮሽ ወፈረሳ። ምን አበላሽው?»

«መንገድ ልቀቂ፣ ሊመሽብኝ ነው።»

«የምትደብቂው ከሌለ ፍቺውና እንየው።»

ሳሙና የሚጠቀልሉት ሌሎቹ ሴቶች ሥራቸውን ተዉ። ዱፊ ወደ ፎስዋ እናት ዞር አለች፤ «ተያት» እንድትልላት ጠበቀች። እናትየው ዝም አለች። ያኔ ዱፊ ቋጠሮውን ፈታ መሬት ላይ ዘረገፈችው።

የሙዝ ቅጠል አከርካሪ ነበር፤ ከመጠቅለያው ላይ የሚላጠው፣ ወፍራም ወፍራሙ። ሌላ ምንም የለም። ፎስዋ በእግሯ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ምንም።

«ይሄ አይታጠፍም፣ ለመጠቅለያ አይሆንም» አለች ዱፊ። «ከሚጣል ብዬ እቤት አድርቄ አቃጥለዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ለሳሙናው የማመጣው አመድ ከሰማይ የወረደ መስሏችኋል?»

«ቁርጥራጬስ?» አለች ፎስዋ። ድምፅዋ ግን ከቅድሙ አንሷል።

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ዱፊ አልሳቀችም።

«ሳጥኑ አራት ማዕዘን ስለነበር ሳሙናውን ለሱ ብለን እንቆርጥ ነበር። ቅጠል ማዕዘን አይጠይቅም፤ አሁን በእጃችን እናድቦለብለዋለን። ድቡልቡል ነገር ምን ቁርጥራጭ አለው? ባልዲሽን ባዶ ያስቀረሽው አንቺው ነሽ።»

የፎስዋ እናት ማማሰያዋን ጥላ መጣች። «ዱፊ፣ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ» አለች። ከዚያ ልጇን አየቻትና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ፎስዋ ተንበርክካ የተበተነውን አንድ በአንድ ለቀመች፣ ጨርቁን ቋጠረች፣ ጭንቅላቷ ላይ አኖረችው። ዱፊ ቤት ለመድረስ በገበያው መሀል ማለፍ ግድ ነው፤ የክፍሏ ልጆችም በዚህ ሰዓት እዚያው ናቸው። ቢሆንም ከዱፊ ኋላ ኋላ ተከተለች።

ኬንኬ ሻጮቹ ጋ ሲደርሱ ዝምታው አላስችል አላት።

«ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የምሸከምልሽ። አንገቴ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ከክፍላችን እንደ እኔ የሚሸከም...»

«ፎስዋ» አለች ዱፊ፣ ዞር ሳትል። «ሸክሙ ቀላል ነው። የሚከብደው አፍሽ ነው።»