እኔ ስከሳ የምትወፍረው ሴትዮ

ሶፋ ሠሪውን መጀመሪያ ያየሁት የሐኪም ቤት ወንበር ሲሰብር ነው።

ተራ በምንጠብቅበት ክፍል ያሉት ወንበሮች ሁሉ ክንድ ነበራቸው። እኔ ደግሞ ክንድ ያለው ወንበር ላይ መቀመጥ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ መግባቱ ባይከብድ መውጣቱ ያዋርዳል። ስለዚህ መቆም የሚወድ ሰው መስዬ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ፊቴን አሳምሬ ቆሜያለሁ። ጥግ ላይ የተቀደደ መቀመጫ የሚለብጥ ቀጭን ወጣት ቀና ብሎ አየኝ። ሌላው ሰው ሲያየኝ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች ይንከራተታል። የሱ ዓይን ግን ወደ ወንበሩ፣ ከዚያ ወደ ጉልበቴ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ወንበሩ ሄደ። መዶሻውን አነሳና ሁለቱን ክንዶች ቀጭ ቀጭ አድርጎ ነቀላቸው።

«ተቀመጪ» አለኝ።

«ኧረ የሰው ንብረት ሰበርክ!»

«ጥፋተኛው ወንበሩ ነው። ሰው ሳይለካ የተሠራ ወንበር ምን ወንበር ይባላል?»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ልክ የሚቆረቆር ሰው ሳገኝ ልቤ ቶሎ ይሸነፋል። ተቀመጥኩ።

የመጣሁት ለጨጓራ ቀዶ ጥገና ነበር። ተኝቼ ሳለ ትንፋሼ ይቆማል። እናቴም እንደኔው ወፍራም ነበረች፣ እንደኔው ታንኮራፋ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ሳትነቃ ቀረች። ዶክተሯ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረችኝ።

«ጨጓራሽ ያለው ከጉበትሽ ሥር ነው። ጉበትሽ ደግሞ ስብ ተሸክሞ አብጧል። ካልቀነሰ መሣሪያችን አያልፍም፤ ጀምረን ሳንጨርስ እንዘጋሻለን። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ይህን ዱቄት በውኃ በጥብጠሽ መጠጣት ነው። የተጣራ ሾርባና ትንሽ የተቀቀለ ቅጠል ይፈቀድልሻል። ዳቦ የለም፣ ስኳር የለም፣ ‹አንዲት ቁራሽ ምን አላት› ማለትም የለም።»

ስወጣ ሶፋ ሠሪው በር ላይ ጠበቀኝ። ለካ ሱቁ ከቤታችን ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው የሚርቀው። ከዚያ ወዲያ ሥራውን ሲዘጋ ይመጣል፤ እኔ ብርጭቆዬን ይዤ አብረን እንራመዳለን።

«ዱቄቱ ምን ምን ይላል?»

«ግድግዳ እንደመላስ ነው።»

«ግድግዳ ልሰሽ ታውቂያለሽ?»

«ርቦኝ አንድ ቀን ሳልሞክረው አልቀርም።»

ይስቃል። ዝም ስንል ደግሞ ዝምታው አይጨንቀኝም ነበር። በጎን ሲያየኝ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ መንገዱን ብቻ አያለሁ።

ረሃቡ ሲከርም አፍንጫዬ ተሳለ። ጎረቤት ቅቤ ሲያቀልጥ ከመንገድ ማዶ ይሸተኛል። ባዶ ክፍል ስገባ፣ ቀድሞኝ ሰው ገብቶበት እንደነበር አውቃለሁ። የሴትዮዋ ነገር የጀመረው በዚህ መሐል ነው።

ሴትዮዋ የምንላት በስፌት ክፍሌ ጥግ የምትቆም፣ ራስም እጅም የሌላት፣ በጨርቅ የተለበጠች የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ናት። እናቴ ናት በራሷ ልክ ጥጥ ጠቅጥቃ የሠራቻት። እኔም ቁርጥ እናቴን ስለሆንኩ ለኔም ልክ ነበረች። አሁን ለሚመጣው ሰውነቴ ቀሚስ ልሰፋ ስነሳ የሴትዮዋን ጎን ተርትሬ ጥጥ ቀነስኩላት። ወገቤን ለካሁ፣ ወገቧን ለካሁ፤ እኩል ሆንን። ጎኗን ሳልዘጋው ሄጄ ተኛሁ።

ጠዋት ስገባ ሴትዮዋ ወፍራለች።

የተረተርኩት ጎኗ ተሰፍቷል። ሜትሩን ጠመጠምኩባት፤ ያው የድሮው ልኳ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ራሴው መልሼው ይሆናል ብዬ እንደገና ቀነስኩላት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ጎንበስ ብዬ ስፌቱን አየሁት። እናቴ ግራኝ ነበረች፤ ስፌቷ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያጋድላል። ይሄም ወደ ግራ ያጋድላል። ሳላስበው መዳፌን ደረቷ ላይ አሳረፍኩ።

ደረቷ ይሞቃል። ሰው ተነስቶ የሄደበት አልጋ እንደሚሞቀው ነበር።

አባባ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ጎህ ሳይቀድ የመነሳት አመሉ አልለቀቀውም፤ የሌለ መኪና ሞተር እንደሚያሞቅ ሰው ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል።

«አባባ፣ ስፌት ክፍሉ ውስጥ የሚገባ ሰው አይተሃል?»

ዓይን ዓይኔን አላየኝም። «ረሃብ ነው ልጄ። ባዶ ሆድ የሌለውን ያሳያል። ምናለ ይሄን ነገር ብትተዪው? እናትሽ እንዳንቺው ነበረች፤ ማን ምን አላት?»

«ሞተች እኮ አባባ።»

ወደ ግቢው ወጣ።

ያን ሰሞን ሚዛኑም ንቅንቅ አልል አለ። እኔ የምቀንሰውን ሴትዮዋ እየመለሰችው መሰለኝ። የእናቴ ገላ አልለቅሽም ያለኝ፣ እሷ በሄደችበት መንገድ ሊወስደኝ የቆረጠ መሰለኝ። ፈራሁ። ጉበቴ ካልቀነሰ ይዘጉኛል፤ ከዘጉኝ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት አልነቃም።

በመጨረሻ ሴትዮዋን ተርትሬ ውስጧን በረበርኩት። ከጥጡ መሐል ሰማያዊ የስፖንጅ ፍርፋሪ ወጣ። በሰፈራችን ሰማያዊ ስፖንጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሶፋ ሠሪው ሱቅ ሄጄ ፍርፋሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት።

«ይሄ ያንተ ነው?»

ፊቱ ተለወጠ። «የኔ ነው።»

«ሴትዮዋን የምትጠቀጥቃት አንተ ነህ? እኔን ለማስፈራራት? እንዳልከሳ ፈልገህ?»

«የምን ሴትዮ? እኔ ቤታችሁ ገብቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለማን ሸጥከው?»

ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰበሰበ። «አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን ነው ቃል የሰጠኸው?»

«እሱን ከነገርኩሽ ምኑን ቃል ሆነ?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሱ ዝምታ ግን ያኔ ዓይኔ እያየ ነቀዘ። ዳግመኛ ደጃችን እንዳትመጣ ብዬው ወጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ንዴትና ረሃብ ተጋግዘው እንቅልፍ ነሱኝ። ሊነጋጋ ሲል ወጥ ቤት ገባሁ። ዳቦ ቆረጥኩ፣ ማር ቀባሁበት። ማን አለኝና ነው የምሠቃየው አልኩ። ወደ አፌ ላደርሰው ስል ከስፌት ክፍሉ ሹክሹክታ ሰማሁ።

ዳቦውን እንደያዝኩ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። በድንግዝግዙ ውስጥ ሴትዮዋ እጅ አብቅላ ቆማለች።

ሁለት እጆች ወገቧን ዙሪያውን አቅፈዋል፤ እጆቹ ያረጁ ናቸው። አባባ ጉንጩን ደረቷ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያወራታል። «መርፌዋን ወደ ግራ ነው ያልሽኝ። ይኸው አልረሳሁም።»

«አባባ!»

አልደነገጠም። የደከመው ሰው ነበር የሚመስለው።

«ቁልፍ መትከል ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለኝ። «በግራ እጇ ስታሳየኝ እኔም በግራ ለመድኩ። ልጄ፣ አንቺ በዚያ በር ስትገቢ እሷ የገባች ይመስለኛል። ስትከሺ ደግሞ ሁለተኛ ስትሞትብኝ ታየኝ። አንቺን መከልከል አልችልም፤ ይቺን እንኳ ላስቀር ብዬ ነው።»

«ስፖንጁስ?»

«ጥጡ አልበቃ ቢለኝ ከልጁ ገዛሁ። ለልጄ በድንገት የምሰጣት ትራስ ነው፣ አደራ እንዳትነግራት አልኩት። እሱ ምን ያውቃል?»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ እማዬን የወሰዳት እኮ ይሄው ነው። ተኝቼ ትንፋሼ ሲቆም አትሰማም?»

«እሰማለሁ» አለ። «ተመልሶ እስኪመጣ እኔም አልተነፍስም።»

ከዚያ ዓይኑ እጄ ላይ ያለው ዳቦ ላይ አረፈ። ቀስ ብሎ ወሰደውና ራሱ ገመጠው።

«ሂጂ፣ ዱቄትሽን በጥብጪ» አለኝ፤ አፉ ማር እንደሞላ።

ሴትዮዋን ከዚያ በኋላ አልቀነስኳትም። ሞልተን፣ የእማዬን አረንጓዴ ቀሚስ አልብሰን፣ አባባ ክፍል አቆምናት።

ያንኑ ዕለት ሶፋ ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ከመጋዙ አጠገብ ብርጭቆ አስቀምጧል፤ ውስጡ ያለውን ነገር ቀለም አውቀዋለሁ።

«ምንድነው የምትጠጣው?»

«ያንን ዱቄት ነዋ። ከተጣላን ጀምሮ።» ፊቱን አኮማተረ። «እውነትሽን ነው፤ ግድግዳ ነው።»

«አንተ ደግሞ ምን የሚከሳ አለህና!»

«ብቻሽን እንዳይርብሽ ብዬ ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ እወድሃለሁ ብዬው አረፍኩ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። አጎንብሶ ያነሳዋል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ዶክተሯ «ጉበትሽ እሺ ብሎናል» አለችኝ። አልጋዬ ጎን ያ ክንድ የሌለው ወንበር ነበር፤ እላዩ ላይ እሱን እንቅልፍ ወስዶታል።

ከብዙ ወራት በኋላ ለክትትል ስንመለስ ወንበሩ እንደዚያው ነበር። «አሁን በሰፊው ትገቢበታለሽ፤ ክንዱን ልመልስለት?» አለኝ። «ተወው» አልኩት፤ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩለት። እንጋባ ያለኝ እዚያው ላይ ተጣብበን ተቀምጠን ነው።

በሠርጋችን ዋዜማ እንግዳ እንዳይገባበት የአባባን ክፍል ራሴ ቆለፍኩት። አባባ ሳሎን አደረ፤ ቁልፉም ከኔ አልተለየም። ጠዋት እሱ ውጭ የተዋሰውን መኪና ሞተር ሲያሞቅ፣ እኔ ቀሚሴን ላሳያት ብቻዬን ከፍቼ ገባሁ።

«እማ፣ ሄድኩ» አልኳት፤ አቀፍኳት። ድሮ ሳቅፋት እጆቼ ከጀርባዋ አይገናኙም ነበር፤ አሁን ተገናኙ። ጉንጬን ደረቷ ላይ አሳረፍኩ።

ደረቷ ይሞቃል።

አልፈራሁም። አባባ ክላክስ እስኪነፋ ድረስ እዚያው ቆየሁ።