ከእትዬ ጉንቮር ግድግዳ የወረደው ሥዕል

ግድግዳው ላይ ባዶ ምስማር ብቻ ቀርቷል። ዙሪያው በጭስ ጠቁሯል፤ ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ነው።

የቴሌማርክ ሸለቆ የፖሊስ ሹም ኢቪንድ ግድግዳውን አይቶ ወደ እትዬ ጉንቮር ዞረ። መበለቷ ምድጃው አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ትናንት ማታ እዚሁ ነበር» አሉት። «የሰረቀኝ ሃልቫርድ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?»

ኢቪንድም የጠረጠረው እሱኑ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በመካከላቸው ባለው ጫካ ከተጣሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ድንበሩ ድሮ የድንጋይ ካብ ነበር፤ ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው። ጉንቮር ካቡ ከጫካው ማዶ ነበር ይላሉ። ሃልቫርድ ደግሞ ከጉንቮር ወፍጮ ቤት ጥግ ነበር ይላል። ከጎርፉ በፊት አንድ መንገደኛ ሠዓሊ ወፍጮ ቤቱን ከነጫካው ስሎት ስለነበር፣ የድንበሩን ክርክር የያዙት ዳኛ መጥተው ይኸንኑ አሁን የጠፋውን ሥዕል ሊያዩ ቀጠሮ ይዘው ነበር።

ከመስኮቱ ሥር በረዶው ላይ የሃልቫርድ ጫማ ዱካ ተገኘ። ሃልቫርድ አልካደም። ትናንት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ሥዕሉን በመስኮት ሊያይ መጥቶ እንደነበር፣ ግድግዳው ግን ያኔም ባዶ እንደነበር ተናገረ። ኢቪንድ አላመነውም። አሰረው።

ሥዕሉን ልግዛ ሲል የከረመ አሮጌ ዕቃ ነጋዴም ነበር። በረዶ ላይ የሚጎተተው ጋሪው ተበረበረ፤ ምንም አልተገኘበትም።

ኢቪንድ ወደ ጉንቮር ቤት ተመልሶ መጣና ከምስማሩ ሥር ተንበረከከ። በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ውስጥ የጠቆረ የዳቦ ፍርፋሪ አገኘ። እናቱ ጥላሸት የያዘውን ሥዕል በለስላሳ ዳቦ እያሹ ሲያጸዱ አይቶ ነው ያደገው።

«እትዬ ጉንቮር፣ ሥዕሉን ማን አጸዳው?»

«ማንም። ባሌ ከሞተ ወዲህ አልተነካም።»

«ይኸ ዳቦስ?»

«አይጥ ይሆናላ።»

«አይጥ ዳቦውን ይበላል እንጂ ጥላሸት አይቀባውም። ሌባም የሚሰርቀውን ሥዕል አጽድቶ አይሄድም። ያጸዳው ዳኛው ደህና አድርገው እንዲያዩት የፈለገ ሰው ነው። ሲጸዳ ምን ታየዎት?»

ጉንቮር ፍራሻቸውን ገልጠው ሥዕሉን አወጡ። ወፍጮ ቤቱ፣ ወንዙ፣ ዛፎቹ ፍንትው ብለዋል። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ደግሞ ግራጫ የድንጋይ ካብ ይታያል። ጫካው በሙሉ ከካቡ ወዲያ፣ በሃልቫርድ በኩል ነው።

«ባሌ እስኪሞት ሃልቫርድን ሌባ ሲለው ኖረ» አሉ። «እኔም አብሬው። ይኼ ከታየ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን አላቃጠሉትም?»

«ምድጃው ድረስ ወስጄው ነበር። ሥዕሉ ላይ ከወፍጮ ቤቱ በር የቆመችው እናቴ ናት፤ አልቻልኩም።»

«ሰውየው ታስሯል፣ እትዬ።»

ጉንቮር ሻሻቸውን አሰሩ። ሥዕሉን ማንም እንዲይዝላቸው አልፈቀዱም። እስር ቤቱ ደርሰው ሃልቫርድ ፊት አቆሙትና ጫካው የእሱ መሆኑን ነገሩት።

ሃልቫርድ ካቡን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ባልሽ ይኼን አይቶታል?»

«አላየውም።»

«እንግዲያው እውነት መስሎት ነው የሞተው» አለ።

ባርኔጣውን ከኢቪንድ ተቀብሎ ወጣ። ደጃፉ ላይ ግን ቆም አለና፣ ጉንቮር ሥዕሉን ታቅፈው እስኪያልፉ ድረስ በሩን ከፍቶ ያዘላቸው።